የሐዋሳ ሐይቅን ዳርቻ በምን እንጠብቅ? ከውቅያኖስ ጉዳቶች የተወሰደ የምርጫ መመሪያ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሎጅ፣ መናፈሻ፣ የዓሣ ምግብ ቤት ወይም መኖሪያ ለመሥራት ቦታ የያዘ ሰው፣ ሕንፃውን ከማስነደፉ በፊት ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ውሃውና መሬቱ የሚገናኙበትን መስመር በምን እንደሚጠብቅ ነው። አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ቀጥ ብሎ የቆመ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ግንብ ነው። ግንቡ ጠንካራ ይመስላል፣ ቦታ አይፈጅም፣ ከበላዩ ወንበርና ጠረጴዛ ይዘረጋበታል፤ በዚህም ምክንያት ሌሎቹ አማራጮች ሳይመዘኑ ይቀራሉ። ይህ መመሪያ አምስት አማራጮችን ያነጻጽራል፤ እነርሱም ከውሃው ማፈግፈግ፣ የዕፅዋት ዳርቻ፣ በተዳፋት ላይ የሚነጠፍ ድንጋይ፣ ጋቢዮን (በሽቦ ሣጥን የታሰረ ድንጋይ) እና ቀጥ ያለ ግንብ ናቸው። በውሃው ላይ በምሰሶ ስለሚቆም መድረክም በመጨረሻ ጥቂት ተጽፏል።

ዋናው መመዘኛዬ እያንዳንዱ መከላከያ በሚጎዳበት ጊዜ አጎዳዱ እንዴት እንደሆነ ነው። ውሃ የማያሸንፈው የዳርቻ ሥራ የለምና፣ አንዱ በአንድ ሌሊት ተንዶ ከኋላው ያለውን ሁሉ ይዞ ሲሄድ፣ ሌላው ለዓመታት በጥቂት በጥቂቱ እየተዛነፈ ለጥገና ጊዜ ይሰጣል። ይህን ልዩነት በደንብ የሚያሳየው ውቅያኖስ ነው፤ ምክንያቱም በሐይቃችን አሥርተ ዓመታት የሚፈጀውን ጉዳት ውቅያኖስ በአንድ ወጀብ ይፈጽመዋል፣ የተፈጸመውም ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በመሐንዲሶች ሲመዘገብ ቆይቷል።

የሞገዱ ጉልበት

አንድ ሜትር ኩብ የሐይቅ ውሃ 1000 ኪሎ ግራም፣ የባሕር ውሃ ደግሞ 1025 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሞገድ ሲመታ የሚመታው ይህ ክብደት በፍጥነት እየተጓዘ ነው። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ቶማስ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1845 ስኬሪቮር በተባለው የአትላንቲክ ዐለት ላይ ባቆመው መለኪያ፣ ሞገድ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 30 ቶን የሚጠጋ ግፊት እንደሚያሳርፍ ለካ። ይሁንና ይህ ዕውቀት እርሱን ራሱን አላዳነውም። ቤተሰቡ በስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ ዊክ በተባለች ወደብ የሠራው ማዕበል ሰባሪ ጫፉ 1350 ቶን የሚመዝን አንድ ወጥ ኮንክሪት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1872 የተነሣው ወጀብ ይህን ሁሉ ከመሠረቱ አንሥቶ ወደ ወደቡ ውስጥ ጣለው። በምትኩ የተሠራው ደግሞ 2600 ቶን የሚመዝን ነበር፤ እርሱም በ1877 ተወሰደ። ክብደት ብቻውን መልስ እንዳልሆነ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የሐዋሳ ሐይቅ ሞገድ ግን ከዚህ ጋር በመጠን አይቀራረብም። የሞገድ ቁመት የሚወሰነው በነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ በሚቆይበት ጊዜና ያለ ከልካይ በውሃው ላይ በሚጓዝበት ርቀት ነው። ሐይቁ ከሰሜን ወደ ደቡብ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲረዝም፣ ከምዕራብ ተነሥቶ ከተማዋ ወዳለችበት ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚመጣ ነፋስ የሚያገኘው ክፍት ውሃ ከ8 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ጠንካራ ነፋስ በዚህ ርቀት የሚያነሣው ሞገድ፣ በተለመደው የምሕንድስና ስሌት፣ ከ70 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኖረዋል፤ በሐይቁ ርዝመት ከነፈሰ ደግሞ አንድ ሜትር ይሞላል ወይም ጥቂት ያልፋል። የሞገድ ጉልበት ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ እንደሚገኘው ቁጥር ስለሚያድግ፣ የ6 ሜትር የውቅያኖስ ሞገድ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚይዘው ጉልበት የ80 ሳንቲ ሜትር ሞገዳችን ከሚይዘው ወደ 56 ጊዜ ይበልጣል።

ይህ ስሌት ለሐዋሳ ገንቢ መልካም ዜና ነው። እዚህ የሚያስፈልገው የወደብ ግንብ አይደለም፤ በሲኖትራክ በሚመጣ ድንጋይ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። ችግሩ ያለው በሌላ በኩል ነው።

የውሃው ወለል

እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1900 በአሜሪካ ቴክሳስ ጋልቭስተን የተባለችውን የደሴት ከተማ የመታው ዐውሎ ነፋስ በትንሹ 6000 ሰዎችን ገድሏል። የደሴቲቱ ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ወለል 2.7 ሜትር ገደማ ነበር፤ ነፋሱ ወደ የብስ የገፋው ውሃ ደግሞ ከ4.5 ሜትር በላይ ከፍ አለ። ሞገዱ ቤቶቹን የደረሰባቸው በዚህ ከፍ ባለ ውሃ ላይ ተጭኖ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሞገድ የሚያፈርሰው የውሃው ወለል እንዲደርስበት የፈቀደለትን ነው።

በውቅያኖስ ይህ ከፍታ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። የሐዋሳ ሐይቅ ግን በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም፤ በጥቁር ውሃ ወንዝና በዙሪያው ካሉ ኮረብቶች የሚገባው ውሃ በአብዛኛው የሚወጣው በትነት ስለሆነ፣ ዝናብ የበዛባቸው ዓመታት ሲደራረቡ ወለሉ ይነሣና ለረጅም ጊዜ ተነሥቶ ይቆያል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ በፍቅር ሐይቅ በኩል ሰው የሚንሸራሸርበት የአፈር ግድብም ከተማዋን ከዚህ ዓይነቱ ውሃ ለመከላከል የቆመ ነው። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ሐይቅ ምን ያህል ሊስፋፋ እንደሚችል ለመገመት የሚፈልግ ሰው መተሐራ አጠገብ ያለውን በሰቃ ሐይቅ ይመልከት፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የበሰቃ መንስኤ የተለየ ቢሆንም፣ የሐይቅ ዳር ቋሚ መስመር ነው ብሎ መገንባት ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ያሳያል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት አማራጮች ሁሉ በሁለት ጥያቄዎች ይመዘናሉ፤ ሞገዱን እንዴት ይቀበላሉ፣ ውሃው ከፍ ብሎ ለዓመታት ቢቆይስ ምን ይሆናሉ?

ቀጥ ያለ ግንብ

ቀጥ ያለ ግንብ ሞገድን አይሰብርም፣ ይመልሰዋል። የሚመለሰው ሞገድ ከሚመጣው ጋር ሲገናኝ በግንቡ ፊት የውሃው መነሣትና መውረድ እስከ እጥፍ ይደርሳል፤ በሥሩ ያለው አሸዋም ይታጠባል። በግንቡ እግር ሥር የሚቆፈረው ጉድጓድ ከሚመጣው ሞገድ ቁመት ጋር ሊተካከል እንደሚችል መሐንዲሶች እንደ መነሻ ይወስዱታል፤ የ80 ሳንቲ ሜትር ሞገድ ባለበት ዳርቻ መሠረቱ ከውሃው ሥር ወዳለው መሬት ግማሽ ሜትር ብቻ የገባ ግንብ፣ ከላይ የቱንም ያህል ፌሮ ቢታሰርበት፣ በባዶ ላይ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። የሐዋሳ አፈር በብዛት ቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋና የሐይቅ ደለል መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ድክመት ከኋላ ነው። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ዶሊሽ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1846 ጀምሮ በባሕሩ ጠርዝ የሚያልፈውን የባቡር መስመር የሚጠብቀው ግንብ፣ የካቲት 2014 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ሌሊት ተናደ። ማዕበሉ ግንቡን እየዘለለ ከኋላው የነበረውን ሙሌት ጠረገው፣ ሐዲዱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ መስመሩም ለሁለት ወር ያህል ተዘጋ። በኒው ኦርሊንስ እ.ኤ.አ. በ2005 በካትሪና ዐውሎ ነፋስ ጊዜ ደግሞ የ17ኛው መንገድ ቦይ ግንብ የተናደው ውሃው ገና አናቱን ሳያልፍ ነው፤ የከዳው ከሥሩ ያለው ለስላሳ አፈር ነበር። በሁለቱም ቦታ የግንቡ ጥንካሬ የጉዳዩ ማዕከል አልነበረም።

በሐይቅ ዳር ሦስተኛ ነገር ይጨመርበታል። ከዝናብም ከሐይቁም የመጣ ውሃ ከግንቡ ኋላ ይጠራቀምና፣ ሐይቁ ሲሸሽ ወይም የጓሮው አትክልት አብዝቶ ሲጠጣ ግንቡን ወደ ፊት ይገፋዋል። የውሃ መውጫ ቀዳዳ ያልተተወለት፣ ከኋላውም ጠጠር ሳይሆን ተራ አፈር የተሞላበት የድጋፍ ግንብ ማዘንበል ሲጀምር የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ስል ቀጥ ያለ ግንብ ፈጽሞ አይሠራ ማለቴ አይደለም። ጀልባ የሚጠጋበት ቦታ ቀጥ ያለ ፊት ይፈልጋል፤ ጠባብ ቦታ ያለውም ሰው ሌላ ምርጫ ላይኖረው ይችላል። የጋልቭስተን ሰዎች ከአደጋው በኋላ 5.2 ሜትር ከፍታ ያለውን ግንብ ገንብተው ከተማቸውን አድነውበታል። ነገር ግን እነርሱ ግንቡን ብቻ አልሠሩም፤ ፊቱን ወደ ውስጥ የጎበጠ አደረጉት፣ እግሩን በትልልቅ ድንጋይ ሸፈኑት፣ ከኋላው ያለችውንም ከተማ በሙሌት ከፍ አደረጓት። ያም ሆኖ ከግንቡ ፊት የነበረው የአሸዋ ዳርቻ እየተጠረገ ሄዷል። ግንብ የሚመርጥ የሐዋሳ ባለቤት የእግር ድንጋዩን፣ የመሠረቱን ጥልቀትና የውሃ መውጫውን በዋጋው ውስጥ ያስገባ፤ እነዚህ ሲገቡ ግንቡ ከአምስቱ ውድ ሆኖ ይገኛል።

የተዳፋት ድንጋይ

ዳርቻው በአንድ ለሁለት ተዳፋት (አንድ ሜትር ሲነሣ ሁለት ሜትር ወደ ጎን በሚሄድ) ተስተካክሎ ድንጋይ ሲነጠፍበት፣ ሞገዱ በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ጉዳትም ሲመጣ አንድ ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ጎረቤቱ ቦታውን ይይዛል፣ ባለቤቱም ለበጋው ጥገና አንድ ሁለት ቢያጆ ድንጋይ ያስመጣል። ለሐዋሳ ዳርቻ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ የሆነው ስለዚህ ነው።

የድንጋዩን ክብደት ለማስላት አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ሐድሰን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራል። የቀመሩ ፍሬ ነገር የሚያስፈልገው ክብደት በሞገዱ ቁመት ኩብ ማደጉ ነው፤ ሞገዱ እጥፍ ሲሆን ድንጋዩ ስምንት እጥፍ መሆን አለበት። ለ6 ሜትር የውቅያኖስ ሞገድ በዚህ ተዳፋት የሚፈለገው የአንድ ድንጋይ ክብደት 36 ቶን ይደርሳል፤ ለዚህም ነው ወደቦች ከካባ የማይገኘውን ድንጋይ በኮንክሪት ቅርጾች የሚተኩት። ለ80 ሳንቲ ሜትር ሞገድ ግን 75 ኪሎ ግራም፣ ለአንድ ሜትር ሞገድ 150 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃል። የ75 ኪሎው ድንጋይ በእያንዳንዱ ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነውና በሁለት ድርብ ሲነጠፍ 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይሰጣል።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ለከባድ ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ለባዛልት ናቸው፤ አንዱ ሜትር ኩብ 2650 ኪሎ ግራም በሚመዝን ድንጋይ የተሰሉ ናቸው። በአካባቢያችን በቀላሉ የሚጠረበው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይቀልላል። በሜትር ኩብ 2000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድንጋይ በውሃ ውስጥ የሚቀርለት ክብደት በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ለዚያው ለ80 ሳንቲ ሜትር ሞገድ 75 ኪሎው ወደ 256 ኪሎ ግራም ያድጋል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ቅርብ ከሆነ ካባ በርካሽ የተገዛ ቀላል ድንጋይ ከሩቅ ከመጣ ጥቁር ድንጋይ ሊወደድ የሚችለው በዚህ ነው። ድንጋዩን ከመግዛት በፊት አንዱን መዝኖ፣ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ነክሮ የፈሰሰውን ውሃ መለካት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ውጤቱም በብዙ ሺህ ብር ይቆጠራል።

ከድንጋዩ ሥር ያለው ነገር ከድንጋዩ አያንስም። ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ወይም በመጠን የተደረደረ ጠጠር ካልተነጠፈ ሞገዱ ሲመለስ አሸዋውን በድንጋዮቹ መካከል እየሳበ ያወጣዋል፤ ድንጋዩም እየሰመጠ ይሄዳል። የተዳፋቱ እግርም ከውሃው ሥር ባለው መሬት ውስጥ ተቆፍሮ መቀበር አለበት። በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ መሙላት፣ ለዓይን ያማረ ቢመስልም፣ ልባሱን ወደ ስስ ግንብ ይለውጠዋል፤ ሞገድ የሚበላውን ክፍተት ይዘጋል፣ ከሥር የሚመጣውንም ውሃ ያፍናል።

ውሃው ከፍ ቢልስ? ተዳፋቱ ወደ ላይ ሊቀጥል ይችላል፤ ከኋላው ባዶ መሬት ካለ ሁለተኛ እርከን መጨመር ቀላል ነው። ግንብን ከፍ ማድረግ ግን መሠረቱ ለዚያ ካልታሰበ በስተቀር እንደ አዲስ መሥራት ነው።

ጋቢዮን

ጋቢዮን ትልቅ ድንጋይ ለሌለው ሰው ነው። ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ በሽቦ ሣጥን ውስጥ ታስሮ እንደ አንድ ከባድ አካል ይሠራል፣ መሬት ሲሰምጥ አብሮ ይታጠፋል፣ ውሃ ያሳልፋል። በባሕር ዳር ጨውና ጠጠር ሽቦውን ቶሎ ስለሚበሉት ብዙም አይመከርም፤ በሐይቃችን ዕድሜው ይሻላል። ነገር ግን አንድ ሽቦ ሲበጠስ ሣጥኑ ይከፈትና ትንንሾቹ ድንጋዮች በአንድ ነፋሻ ከሰዓት ሊፈስሱ ይችላሉ። ፕላስቲክ የተለበጠ ሽቦ መምረጥ፣ በየዓመቱም የፊቱን ገጽ መፈተሽ ግዴታ ነው። የሰው እግርና የጀልባ ሆድ በሚነካው ቦታ አልመክረውም።

የዕፅዋት ዳርቻ

ፊላ፣ ደንገልና ሸምበቆ ሞገድን ያደክማሉ፤ ግንዳቸው ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ሥራቸው ደለሉን ይይዛል። ከዚህም ሌላ ዓሣው የሚራባውና ጫጩቱ የሚሸሸገው በዚያው ነው፤ በአሞራ ገደል የሚሸጠው ቆሮሶ ያለዚህ ዳርቻ አይገኝም። ገደቡ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥቂት ሜትር ብቻ የሆነ ቀጭን መስመር አይበቃም፣ ስፋት ይፈልጋል፤ ከብት ከተሰማራበትም አይጸድቅም። ሁለተኛ፣ ከፍ ያለ ውሃን አይመልስም። ሆኖም ከኋላው ክፍት መሬት ካገኘ ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይጓዛል፤ ይህን የትኛውም ግንብ አያደርግም። ለእይታ ሲባል ሸምበቆውን ጠርጎ በምትኩ ግንብ የሚያቆም ባለቤት፣ በነፃ ያገኘውን መከላከያ አጥፍቶ በገንዘቡ ደካማ እየገዛ መሆኑን ልብ ይበል።

ማፈግፈግ

ሕንፃው ሳይሠራ ከአምስቱ ርካሹ ይህ ነው፤ ከተሠራ በኋላ ግን የማይሞከር ያህል ይወደዳል። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1870 የተሠራው የኬፕ ሐተራስ የመርከብ መብራት ማማ፣ ባሕሩ ዳርቻውን እየበላ ሲደርስበት፣ ከብዙ ዓመት የግንብና የአሸዋ ከረጢት ሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ከነሙሉ አካሉ በሐዲድ ላይ 880 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተወስዷል። ሎጅ የሚሠራ ሰው ይህን ርቀት በወረቀት ላይ በእርሳስ ሊያደርገው ይችላል።

ርቀቱን ለመወሰን መነሻው ዛሬ የሚታየው የውሃ ጠርዝ መሆን የለበትም። በሐይቁ ላይ የተመዘገበውን ከፍተኛ ወለል ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ፣ በዚያ ላይ የሞገዱን ቁመትና ሞገዱ በተዳፋቱ ላይ የሚወጣበትን ከፍታ መደመር ያስፈልጋል፤ ለሻካራ ድንጋይ ይህ መውጣት ከሞገዱ ቁመት እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ ለለስላሳ ኮንክሪት ይበልጣል። በዕድሜ የገፉ ዓሣ አጥማጆች ውሃው የት ደርሶ እንደነበር በጣታቸው ያሳያሉ፤ ምስክርነታቸውን ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል።

በምሰሶ ላይ የሚቆም መድረክ

መድረክ የዳርቻ መከላከያ ባይሆንም ከአምስቱ ከማንኛቸውም ጋር ይሠራል፤ ሰው ወደ ውሃው እንዲቀርብ ዳርቻውን በግንብ መቁረጥ እንዳያስፈልግም ያደርጋል። አደጋው ከሥር ነው። ካትሪና በኒው ኦርሊንስ በፖንቻርትሬን ሐይቅ ላይ ያለውን ድልድይ ስታፈርስ ምሰሶዎቹ አብዛኞቹ ቆመው ነበር፤ የተነሡት ሶሌታዎቹ ናቸው፣ ምክንያቱም ከሥራቸው የታፈነ አየርና ከታች የሚገፋ ሞገድ ክብደታቸውን አሸንፏል። ስለዚህ የመድረኩ ወለል ከከፍተኛው ውሃና ከሞገዱ ጫፍ በላይ ይሁን፣ በሳንቃዎቹ መካከል ክፍተት ይተው፣ ማሰሪያውም ወደ ታች ለሚጫን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ ለሚገፋ ኃይል ይሰላ።

እንዴት ይመረጥ

ከኋላው ሰፊ ቦታ ላለው ባለቤት ማፈግፈግን ከዕፅዋት ጋር አድርጎ መድረክ ማውጣት ከሁሉም ይሻላል። ቦታው መካከለኛ ሆኖ ዳርቻው እየተበላ ከሆነ የተዳፋት ድንጋይ፣ ከፊቱም ያለው ፊላ ሳይነካ፣ ተመራጭ ነው። ጥቁር ድንጋይ በዋጋ የማይደረስበት ከሆነና እግር የማይረግጠው ጥግ ከሆነ ጋቢዮን ይሞከር። ቀጥ ያለ ግንብ ለጀልባ ማስጠጊያና በእውነት ጠባብ ለሆነ ቦታ ይቆይ፤ ሲሠራም ጫፎቹ ወደ ጎረቤት መሬት በድንጋይ ተዳፋት ይጨረሱ፣ አለበለዚያ ሞገዱ በጫፉ ዞሮ የጎረቤትን ዳርቻ ይቆፍራል፤ ጠቡም ከውሃው ቀድሞ ይመጣል።

ከማንኛውም ሥራ በፊት ከተማ አስተዳደሩ ከውሃው እንዲተው ያዘዘውን ርቀት መጠየቅና፣ የፕሮጀክቱ መጠን የሚጠይቀው ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ማስፈቀድ ይገባል። ቁፋሮው ሐይቁ በሚያንስበት በበጋው ማብቂያ ቢሆን የእግሩን ጉድጓድ በውሃ ፓምፕ ማድረቅ ይቀላል። ከተቋራጩ ጋር በሚፈረመው ውል ደግሞ የመሠረቱ ወይም የተዳፋቱ እግር ጥልቀት፣ የጂኦቴክስታይሉ ዓይነትና የድንጋዩ አነስተኛ ክብደት በቁጥር ይጻፉ፤ እግሩ ተለክቶና ፎቶግራፍ ተነሥቶ በአማካሪው መሐንዲስ ሳይፈረም አይሸፈን፣ የዚያም ክፍል ክፍያ ከፊርማው በፊት አይለቀቅ።